ቍጡ ዜማና የኤሌክትሪክ ጊታር፤ ስለ ድምፅ መቀበያ ምርጫ የቀረበ ትችት

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ሞጣ በሄድሁ ጊዜ አራት ወጣቶች አንድ ጥያቄ ይዘው መጡብኝ። ሁለቱ የሞጣ፥ አንዱ የቢቸና ልጆች ናቸው፤ አራተኛው ባሕር ዳር ይማራል። አሳባቸው የአገራቸውን ሽለላና ፉከራ ፈረንጆች ፓንክ ከሚሉት ፈጣንና ቍጡ ሙዚቃ ጋር አዛምደው ለመጫወት ነው። ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ያዋጡት ግን ለአንድ ጊታርና ለአንድ ማጉያ ብቻ የሚበቃ ነውና ቢሳሳቱ ሁለተኛ የሚገዙበት የለም። ጥያቄያቸውም «የትኛውን ጊታር፥ በተለይም ምን ዓይነት ፒክአፕ ያለውን እንግዛ?» የሚል ነበር። በአገራችን ፒክአፕ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ዕቃ ጫኙ መኪና ስለሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ነገሩን የድምፅ መቀበያ፥ ባጭሩም መቀበያ እለዋለሁ። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልጆቹ ጠየቁኝ እንጂ መልሱን አስቀድመው ይዘውት ነበር። ኀይለኛ ሙዚቃ ኀይለኛ መቀበያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከገበያው ብርቱ የሆነውን መግዛት ነው ይላሉ። ይህ አሳብ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ በዚህ በእኛም ዘንድ ጊታር የሚነኩ ተማሪዎች እንደ ሕግ የሚቀበሉት ነው፤ እኔም ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ ሕግ ተቀብዬው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው አሳቡ ስሕተት መሆኑን ነው፤ ለፓንክ በጠቅላላው ስሕተት ነው ለማለት ባልደፍር እንኳ፥ ለሽለላ ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው።

ዕቃ የሚመረጠው ለሥራው ነውና አስቀድሞ ስለ ዜማው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቀረርቶ፥ ሽለላና ፉከራ በአንድ አፍ ቢጠሩም አንድ አይደሉም። ቀረርቶ ድምፅን ከፍ አድርጎ፥ አስረዝሞና አንቀጥቅጦ የሚዜም ነው። ፉከራ መሣሪያ ይዞ እየተንጐራደዱ የሚነገር እንጂ የሚዜም አይደለም፤ ፎካሪው ስሙን፥ የአባቱን ስም፥ የፈረሱን ስም፥ ግዳዩንና የዋለበትን ቦታ እየጠራ ይጥለዋል። ሽለላ በሁለቱ መካከል ቆሞ ሰውን የሚያነሣሣ ነው። ድንበራቸው ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አውቃለሁ፤ በሦስቱም ውስጥ ግን ገዢው ቃሉ ነው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አርበኞቻቸውን ይዘው ጣሊያንን በተዋጉበት በቢቸና አገር ፉከራ የሠርግ ጌጥ ብቻ ሆኖ አይታይም፤ የሚጠራው ስም የእውነተኛ ሰው ስም፥ የሚጠራውም ወንዝ የእውነተኛ ወንዝ ስም ነው። ስሙ ካልተሰማ ፉከራው አልተፎከረም።

እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልጨምር። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባለው ጥንታዊ ድልድይ ይገኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፥ በጎንደር ነገሥታት ጊዜ የተሠራ ነው፤ መካከሉ የተሰበረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ከዚያም በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ለብዙ ዓመታት ሲሻገር ኖሯል። በ2002 ስባሪው በብረት ተጠግኖ፥ በ2005 ጥገናውን ጎርፍ ወስዶት፥ በ2009 ለእግረኛ የሚሆን የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። እኔ እዚያ በወረድሁበት ቀን ውኃው ሞልቶ ይጮኽ ነበር፤ አንድ ሰው በጎንደር በኩል ካለው ማዶ ሆኖ በእኛ በኩል ላለ ዘመዱ ሲጣራ ሰማሁ። አጠገቤ የነበረ አንድ ጎልማሳ በወፍራም ድምፁ ሊመልስለት ቢያገሣ ምንም አልደረሰለትም፤ ድምፁ ከውኃው ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ቀረ። ዘመድዬው ግን ድምፁን አቅጥኖ፥ ወደ ላይ አውጥቶ፥ ቃሉን እየቈረጠ፥ የመጨረሻውን ፊደል ብቻ እየሳበ ሲመልስ ማዶ ያለው ሰው እጁን አነሣ። ገደሉን የተሻገረው ብዙው ድምፅ ሳይሆን ስለታሙ ድምፅ ነበር። ወደ ጊታሩ ስንመጣም የምከራከረው ስለዚሁ ነው።

ሽለላና ፓንክ ከዚህ በፊት ባይገናኙ ኖሮ ክርክሬ ሁሉ በግምት ላይ የቆመ በሆነ ነበር። ነገር ግን ተገናኝተዋል፤ በማን እጅ እንደ ተገናኙም የታወቀ ነው። አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 የተወለዱ፥ በልጅነታቸው ክራርና መሰንቆ የነኩ፥ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ሥራ የጀመሩ፥ በ1955 በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር፥ በ1965 በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ ሳክስፎን ነፊ ነበሩ፤ በ2016 ዐረፉ። ስማቸውን ያስጠራው ሽለላን ከፎካሪው አፍ ወስደው በሳክስፎን መናገራቸው ነው። ከመድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ሲቆሙ ነገሩ ለጌጥ እንዳይመስለን፤ አነፋፋቸው ራሱ የፎካሪ አነጋገር ነው፤ ይጀምራል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ይቈርጣል፥ ትንፋሽ ይወስዳል፥ እንደገና ይጥላል።

ዘ ኤክስ የተባለው የፓንክ ጓድ በ1979 በኔዘርላንድ ተመሠረተ። በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በልዩ ልዩ ከተሞች ተጫወተ፤ በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር አቶ ጌታቸውን ጠራቸው። ከዚያም አጃቢዎቼ ሁኑ ብለው የጠየቁት አቶ ጌታቸው ራሳቸው ናቸው። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምጠቅሰው፥ አንዳንድ ጓደኞቼ ፈረንጆች በሽማግሌው ላይ ፓንክ ጫኑባቸው ሲሉ ስለምሰማ ነው። የሰባ ዓመት ዕድሜ የተቃረቡ፥ በትልልቅ ኦርኬስትራዎች ታጅበው የኖሩ ሰው ለሽለላቸው የሚስማማ አጃቢ አገኘሁ ብለው የመረጡት የፓንክ ጓድ ከሆነ፥ ለምን እንደ መረጡት መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። ፍሬውም በ2006 «ሞአ አንበሳ» በተባለው ዲስክ፥ በ2012 ደግሞ በሁለተኛ ዲስክ ወጣ።

«ሞአ አንበሳ»ን ብርቱ ጊታር ለመስማት ተዘጋጅቶ የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ ይከፋዋል። እንደ ግድግዳ የቆመ፥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞላ የጊታር ድምፅ የለም። ጊታሮቹ ደረቅ ናቸው፤ ይቧጥጣሉ፥ ይመታሉ፥ ያቆማሉ፤ አንዲት አጭር ነገር ይዘው ያለ መታከት ይደጋግሟታል። በምትና በምት መካከል ያለው ዝምታ ይሰማል። ሳክስፎኑ የሚገባው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። እልልታና ጭብጨባ ለፎካሪ እንደሚያደርጉት ሁሉ፥ ጊታሮቹ ቃሉን አይሸፍኑትም፤ ከሥሩ ሆነው ይቈሰቍሱታል። ቍጣው የሚመጣው ከድምፁ ብዛት ሳይሆን ከምቱ ድንገተኛነትና ከድግግሞሹ ግትርነት ነው። እንከን የለበትም አልልም፤ ሽማግሌው ዝግ ብለው በሚያንጐራጕሩባቸው ቦታዎች ጊታሮቹ ዕረፍት የማያውቁ እየሆኑብኝ፥ ምነው ትንሽ በታገሡ ያልሁበት ጊዜ አለ። በፈጣኖቹ ላይ ግን ከዚህ የተሻለ የሽለላ አጃቢ ጊታር እስካሁን አልሰማሁም። ሁለቱን ጊታረኞች፥ ቴሪ ሄሰልስንና አንዲ ሙርን፥ ብርቱ መቀበያ የሌላቸው ድሆች ናቸው ብሎ የሚገምት ካለ ደጋግሞ ያድምጥ፤ ድርቀቱን የመረጡት አውቀው ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው ልግባ። የኤሌክትሪክ ጊታር መቀበያ ማግኔት ነው፤ በማግኔቱም ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የብረት ክር ከበላዩ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያነዋውጠዋል፤ ከዚህም የተነሣ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማጉያውም ይህንን ያጐላዋል። እንግዲህ መቀበያው የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። መሰንቆ የፈረስ ጭራ ነውና ማግኔት ለእሱ ደንቈሮ ነው፤ የናይለን ክር ለገጠመ ክራርም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ የሚሆነው የእንጨቱንና የቆዳውን መርገብገብ በቀጥታ የሚቀበል ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። ይህን የማነሣው ከአራቱ ልጆች አንዱ የጊታር መቀበያ ገዝቶ በአጎቱ መሰንቆ ላይ ለመለጠፍ አስቦ ስለ ነበር ነው።

ሽቦው በተጠመጠመ ቍጥር የሚወጣው ኤሌክትሪክ ይበረታል። ብርቱ መቀበያ የሚባለው ይኸው ነው። ሻጮች የማይናገሩት ግን ጥምጥሙ ሲበዛ ቀጭኑ ድምፅ እየታነቀ መሄዱን ነው። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ የምቱ ጫፍ፥ መምቻው ክሩን የነካባት ቅጽበት ናት፤ ሰባራ ድልድይ ላይ ውኃውን ያለፈችው እሷ ናት። ከዚህም ሌላ ብርቱ መቀበያ ማጉያውን ቶሎ ያጣብበዋል፤ የተጣበበ ማጉያ ድምፁን ያሻክራል፥ ትልቁንና ትንሹንም ምት እኩል ያደርጋል። ለአንዳንድ ሙዚቃ ይህ ራሱ ውበት ነው። በሽለላ ውስጥ ግን ምት ከዝምታ፥ ጭብጨባ ከቃል የሚለይበት ልዩነት ከጠፋ የሚቀረው ማጓራት ብቻ ነው።

ሌላም ጕዳይ አለ፤ በዚህ ላይ ማንም ሲናገር ስላልሰማሁ ጥቂት ልቆይበት። የፓንክ ጊታረኛ በአብዛኛው የሚመታው መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን አንድ ላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ንዝረታቸው የ2 ለ3 ዝምድና ስላለው፥ በተጣበበ ማጉያ ውስጥ ሲጋጩ የሚወልዱት ሦስተኛ ድምፅ የመነሻው የታች ስምንተኛ ይሆናል፤ ስለዚህ ቢሻክርም ይስማማል፥ እንዲያውም ይወፍራል። የእኛ ቅኝቶች ግን ሁሉም እንዲህ የዋህ አይደሉም። በአንቺሆዬ ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ፥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ድምፆች አሉ፤ እነሱን በብርቱ መቀበያ አንድ ላይ የመታ ሰው የሚያገኘው እንደ ወፍጮ የሚንኳኳ ጕርምርምታ ነው። ትዝታን ለመጫወት የተገዛ ብርቱ ጊታር ያዛልቅ ይሆናል፤ አንቺሆዬ የሚፈልግ ሰው ግን ሁለቱ ድምፆች ተለያይተው የሚሰሙበት ጥራት ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያዊ ጊታረኛ ከለንደኑ ወይም ከኒውዮርኩ ይልቅ ለጥራት መጨነቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የፓንክ ታሪክ ራሱም ቢሆን ብርቱ መቀበያ ግድ ነው የሚለውን አይደግፍም። የኒውዮርኩ የራሞንስ ጊታረኛ ጆኒ ራሞን በ1974 በርካሽ የገዛው ጊታር ሞዝራይት የተባለ፥ በዘመኑ ብዙ የማይፈለግ ዕቃ ነበር፤ በ1976 ለወጣው ለመጀመሪያው ዲስካቸው ፍጥነቱንና ቍጣውን የሰጠው ግን ቀኝ እጁ ነው፤ መምቻውን ወደ ታች ብቻ እንጂ ወደ ላይ አይመልሰውም ነበር። የክላሹ ጆ ስትራመር ነጠላ ጥቅል መቀበያ ባለው በ1966 በተሠራ ቴሌካስተር ሲጫወት ኖሯል። ተቃራኒውን ማስረጃ መደበቅ ግን ከአንድ የምርምር መጽሔት አይጠበቅምና፥ የሴክስ ፒስትልሱ ስቲቭ ጆንስ ሐምበከር የሚባለው ድርብ ጥቅል መቀበያ ባለው ሌስ ፖል መጫወቱን እመሰክራለሁ፤ የ1977ቱ ዲስካቸውም ያለ ጥርጥር ግድግዳ ነው። ሆኖም ያ ግድግዳ የተሠራው በቀረጻ ክፍል ውስጥ ጊታር በጊታር ላይ እየተደረበ ነው፤ የዚያን ጊዜውም ሐምበከር ዛሬ «ብርቱ» ተብሎ ከሚሸጠው ጥምጥሙ ያነሰ ነው።

አሁን የራሴን ውድቀት ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት በዘመድ ሠርግ ላይ፥ ከሞጣ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፥ አጎቴ ሲፎክሩ በጊታር እንዳጅባቸው ተለመንሁ። በእጄ የነበረው ብርቱ ሐምበከር ያለው ጊታር ነው፤ ኩራቴም እሱ ነበር። አጎቴ ሲነሡ ማጉያውን ከፍ አደረግሁና ባለ በሌለ ኀይሌ መታሁ። ወጣቱ ጨፈረ፤ እኔም የተሳካልኝ መሰለኝ። ሲያበቃ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ጠሩኝና «ልጄ፥ የመኪናው ድምፅ ደኅና ነው፤ ሰውየው ግን ምን አለ?» አሉኝ። «አባቴ፥ ጊታር ነው እንጂ መኪና አይደለም» ብላቸው፥ «እሱንስ አየሁት፤ የአያትህን የፈረስ ስም ግን አልሰማሁም» አሉኝ። አጎቴ ለሳምንት ያህል ከእኔ ጋር ብዙ አልተነጋገሩም። ፒክአፕን መኪና ብለው የሚያውቁት እሳቸው ሳይሆኑ እኔ መሆኔ የገባኝ በኋላ ነው።

ታዲያ ለልጆቹ ምን ልምከራቸው? ነጠላ ጥቅል ግዙ ብሎ መጨረስ ቀላል ነበር፤ ግን ሞጣ ለንደን አይደለችም። ነጠላ ጥቅል መቀበያ የክሩን ድምፅ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያለውን የመብራት መስመር እምምታ ጭምር ይሰበስባል። የእኛ መብራት 220 ቮልትና በሰከንድ 50 ዙር ነው፤ የመሬት መስመር በሌለበት ቤት፥ በጀነሬተር፥ በተለይም ፍሎረሰንት አምፖል በበራበት አዳራሽ ነጠላ ጥቅል እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ሐምበከር በ1955 በጊብሰን ኩባንያ የተፈለሰፈው ይህንኑ ለማስወገድ ነው፤ ሁለቱ ጥቅሎች የመብራቱን እምምታ እርስ በርሳቸው ያጠፉትና የክሩን ድምፅ ይደምሩታል። ምቱንም ከሁለት ቦታ ስለሚቀበሉት ጫፉን በመጠኑ ያደነዝዙታል። የኤሌክትሪኩ ነገር ከድምፅም ያለፈ ነው፤ የመሬት መስመር የሌለው ማጉያ ላይ ጊታር ይዞ ድምፅ ማጉያውን በከንፈር የነካ ሰው ሊሞት ይችላልና፥ ከጊታሩ በፊት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ገንዘብ ቢከፍሉ እንደሚሻል ነግሬያቸዋለሁ።

እኔ የመከርሁት በ1946 የወጣውንና ፒ-90 የሚባለውን ዓይነት መቀበያ ነው። ይህም ነጠላ ጥቅል ነው፤ ሆኖም ሰፊና ጥምጥሙ ወደ 10,000 የሚደርስ ስለሆነ ከፌንደሩ ዓይነት ይወፍራል፥ ከሐምበከሩ ይልቅ ይነክሳል። የክላሹ ሚክ ጆንስ በሌስ ፖል ጁኒየር የነካው እሱን ነው። ጕድለቱ እምምታው እንዳለ መሆኑ ነው። ፒ-90 ካልተገኘ፥ ጥምጥሙ መጠነኛ የሆነ፥ ሲለካ ከ7 እስከ 8 ሺህ ኦም የሚያሳይ ሐምበከር ይሁን፤ 15 ወይም 16 ሺህ ኦም የሚያሳየውን ግን ለሌላ ሰው ይተዉለት። መቀበያው ከበርኩማው አጠገብ ያለው ይሁን፤ በአንገቱ በኩል ያለው ለዝግተኛ ዜማ ነው። በጣም ወደ ክሩ ከቀረበም ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ቅኝቱን ያበላሻልና፥ አውርዶ እያዳመጡ ጥቂት በጥቂት ከፍ ማድረግ ነው፤ ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፥ ከአዲስ መቀበያም ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በርኩማው የማይነቃነቅ ዓይነት ይሁን፤ በእጅ የሚወዛወዘው ዓይነት በብርቱ የሚመታን እጅ አይችልም፥ በየዜማው መካከል ከቅኝት ይወጣል፤ ፎካሪ ደግሞ እስኪቃኝ አይጠብቅም። ክሩ ከ11 የሚጀምረው ወፈር ያለው ቢሆን ለብርቱ እጅ ይታገሣል። ስለ እንጨቱ ዓይነት የሚባለውን ብዙ ወሬ አልፈዋለሁ።

የጀመርሁትን ነገር ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ጥያቄ ያነሣብኝ የቢቸናው ልጅ ነው፤ «ታዲያ ቃሉ ከበለጠ ጊታሩስ ለምን አስፈለገ? ክራራችንን ለምን በኤሌክትሪክ አናደርገውም?» አለ። መልካም ጥያቄ ነው፤ የተሞከረም ነገር ነው፤ በለንደን የሚኖረው ተመስገን ዘለቀ ክራር ኮሌክቲቭ ከተባለው ጓዱ ጋር በኤሌክትሪክ ክራር የሚያነሣው ድምፅ ከብዙ የጊታር ጓድ የበለጠ ይናከሳል። እኔም ገንዘቡ ቢተርፍ ክራሩን አልቃወምም። ልጁ የረሳው ነገር ግን ራሱ ክራር መቺ መሆኑ ያመጣለትን ጥቅም ነው። ክራር ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፤ ግራ እጅ ከበስተ ኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን ያፍናል፥ የሚፈለገውን ይለቃል። የፓንክ ጊታረኛ ዓመታት የሚፈጅበት ሙያ ይኸው ማፈን ነው። ልጁ ጊታሬን ተቀብሎ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ምትና ዝምታውን እንደ ክራሩ እየቈራረጠ ሲያወጣው፥ በአራት ዓመት ልምምዴ ያልደረስሁበትን አየሁ። ስለዚህ ከአራቱ መካከል ጊታሩን መያዝ የሚገባው እሱ ነው ብዬ ሌሎቹን አስቀየምኋቸው፤ አንደኛው ከመዋጮው የሚበልጠውን ድርሻ የሰጠሁ እኔ ነኝ ብሎ ነበርና።

በመጨረሻ አንድ ፒ-90 ብቻ ያለበት፥ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ጊታር ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጣ። ከመመለሴ በፊት ባለው ማታ በአንድ ተከራይተው በያዙት ክፍል ሞከሩት። የሞጣው ልጅ መፎከር ሲጀምር፥ ከኮርኒሱ ላይ ያለው ረጅም አምፖል እምምታውን አስነሣና ቃሉን ሁሉ ዋጠው። ከክፍሉ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ዞርን፥ ጊታሩንም ወዲያና ወዲህ አዞርን፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ የቢቸናው ልጅ ተነሥቶ አምፖሉን አጠፋው፤ እምምታው ቆመ፤ ከጎረቤት ኵራዝ ተለምኖ መጣና በእሱ ብርሃን እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ተጫወቱ።